ከመስመር ያልወጡ ነጥቦች

ጥር 5 ቀን 1979
ፋብሪካ። ክር ስመዝን ዋልኩ። ከአዲስ አበባ የመጡት ኢንጂነር፣ አቶ ከፍያለው፣ የክሩን ክብደት በነጥብ የሚያሳይ ቻርት አስተማሩኝ... ከላይ አንድ መስመር፣ ከታች አንድ መስመር። “ነጥብሽ መሐላቸው ከዋለ ማሽኑን አትነካኪው። ከወጣ ምክንያቱን ፈልጊ።” ልዩነት ሁሉ ጥፋት አይደለም ማለት ነው? ኧረ እኔ አልገባኝም! ክር ወይ ልክ ነው ወይ አይደለም።

ጥር 13
ነጥቦቼ ሁሉ መሐል ላይ ተኮልኩለዋል። ሥራ አስኪያጁ ቻርቴን ግድግዳ ላይ አስለጠፉት። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ጥር 19
ሽመና ክፍል ክሩ እየተበጠሰ ነው። የፋብሪካው ካድሬ ሸማኔውን ጀላልን ያዘው። “ክሩ ደህና ነው፣ ቻርቱ ይመሰክራል። አሻጥር ነው!” የኔ ቻርት! ጀላል “ወላሂ ክሩ ነው” ይላል። ዓርብ ስብሰባ ላይ ይቀርባል... ከዚያ ወዴት እንደሚወስዱት ማን ያጣዋል? ክሩም ልክ፣ ሰውየውም ልክ? ግራ ገባኝ።

ጥር 20
አቶ ከፍያለው ቻርቱን አይተው፣ “ይሄን ያህል የተመሳሰለ ክር አላውቅም። ማን ነው የሚመርጥልሽ?” አሉኝ። ማን ይመርጥልኛል? የፈትል ማሽን ላይ ያለችው ዘሀራ ናት የምታቀብለኝ...
ሄጄ ጠየቅኳት።
“አብሽሪ እህቴ፣ ደህና ደህናውን ለይቼ ነው የማስቀምጥልሽ። ሊያይ ለመጣ ሰው ክፉው ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደል!”
ወይ ጉድ! እኛም ቤት ለእንግዳ እንዲሁ ነው። ልቆጣት ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ።

ጥር 21
ራሴ ሳልመርጥ እያነሳሁ መዘንኩ። ነጥቦቹ ላይና ታች ከመስመር ወጡ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። “ክሩን የሚስበው ሮለር ተበልቷል” ይላሉ አቶ ከፍያለው። ካድሬው ግን ዘሀራን ቢይዝስ? ዝም ብልስ... ጀላል? ጌታ ሆይ፣ ምን ላድርግ።

ጥር 22
ስብሰባ። አሮጌውን ቻርት አንስቼ አዲሱን ለጠፍኩ። “ያኛው የተመረጠ ክር ነው፣ ይሄ ያልተመረጠ” አልኩ።
“ማን መርጦ ሰጠሽ?” አለ ካድሬው።
“ሳልጠይቅ የተቀበልኩት እኔ ነኝ” አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። አቶ ከፍያለው የተበላውን ሮለር ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ካድሬው የጀላልን ጉዳይ ሳያነሳ ስብሰባውን ዘጋ።

ጥር 26
ከመዛኝነት አንስተው ጥጥ ማራገፊያ መደቡኝ። ሮለሩ ይቀየራል ተብሏል። ቻርቱ አሁንም በቅጡ አልገባኝም...
ማታ ስወጣ ጀላል በር ላይ ጠበቀኝ። 
“ከስብሰባው በፊት ልጆቼን ሐርቡ እናቴ ዘንድ ሰድጃቸው ነበር” አለ። “ነገ ላመጣቸው ነው።”