የሮቦቱ ድምፅ እንዲቀነስ ስለተሰጠው ትእዛዝ

ለተከበሩ የሕንፃዎች ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለሚቀመጡበት ክፍል ጣሪያ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ባለፈው ወር ለአቤቱታ መጥቼ እንዳየሁት፣ የቢሮዎ ግድግዳ የፀጉር ያህል እንኳ ስንጥቅ የሌለበት፣ ነጭና ልሙጥ ግድግዳ ነው፤ ይህንንም በደንብ ያስተዋልኩት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሌላ የማየው ነገር ስላልነበረኝ ነው። የለሰነውን ሰው እጁን ይባርከው። እንዲህ ያለ እጅ የነበረው አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ መስታወት እየቆረጥኩ የምኖር ሰው ነኝ። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ የሰጡኝ መልስ ከደረሰኝ በኋላ በዝግ ፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በሥራዎ ብዛት የተነሣ ሳይከፈቱ ቀርተው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ፣ ይህኛውን በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ ልኬ፣ ሌላውን በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እርስዎ ጊዜ ባያገኙ እንኳ አላፊ አግዳሚው ያነብልዎታል። ቅሬታዬንም በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይቀበል የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና አስረድታኛለች።

አንደኛ፦ የሮቦቱ ድምፅ አይሰማም።

በሲኒማ ቤቱ የሚታየውን የፊልሙን ክፍል ሁለት ላያዩት ይችላሉና ላስረዳዎ። ከባሕር ውስጥ ሃያ ፎቅ የሚያህል፣ ሦስት መንጋጋ ያለው አውሬ ይወጣል። የከተማዋ ሰዎች ከአሮጌ መርከብ ብረት የሠሩት ግዙፍ ሮቦት ደግሞ ሊገጥመው ይነሣል። የሮቦቱ ግራ ጉልበት ዝጓል፤ በተራመደ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። አውሬው አንሥቶ ድልድይ ላይ ሲፈጠፍጠው፣ እሱም ተነሥቶ ባቡሩን ከነፉርጎው እንደ ቀበቶ ይዞ ጀርባውን ይሞሽልቀዋል። ፊልሙ ፍሬ ነገር የለውም የሚሉ አሉ። እኔ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የሃምሳ ሦስት ዓመት ባለ መነጽር ሰው፣ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ «በለው! በለው!» እያልኩ ጮኼአለሁ። አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም፤ ስለዚህም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ከአለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን በእርስዎ ትእዛዝ ድምፁ በግማሽ ተቀንሷል። አውሬው ያን ሁሉ መንጋጋውን ከፍቶ የሚያወጣው የድመት ድምፅ ነው። ሮቦቱም ሲወድቅ ከአልጋ የወደቀ ትራስ ያህል እንኳ አይሰማም።

ሁለተኛ፦ ትእዛዙ ስለመጣበት ምክንያት።

ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ የተቀመጥኩት አሥራ አንደኛው ረድፍ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከግድግዳው ቀጥሎ ካለው ወንበር አጠገብ ነው። የግድግዳው ጥግ የታላቅ ወንድሜ ቦታ ነበረች። ክፍል አንድን እዚያችው ተቀምጠን ሰባት ጊዜ አይተናል። ወንድሜ ለሳኝ ነበር፤ ግድግዳ አጠገብ ሲቀመጥ በጣቱ አንጓ ሦስቴ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አድርጎ ሳያዳምጥ አያልፍም፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ልስን ድምፁ ይለያል ይል ነበር። አሁን ወንድሜ የለም። ሰው እንዳይቀመጥባት ብዬ ወንበሩ ላይ ኮቴን አኖርኩበት።

ሮቦቱ ባሕሩ ዳር ቆሞ አውሬውን የሚጠብቅበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ በቀኜ በኩል ሦስቴ ተንኳኳ። ዞር ስል ኮቴ በነጭ አቧራ ተሸፍኗል፤ ከበስተጀርባው ደግሞ ከጣሪያው እስከ ወንበሩ መደገፊያ የወረደ ስንጥቅ አለ።

እንደ እርስዎ ላለ ባለሙያ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል እንጂ፣ ወንድሜ ለስንጥቅ የሚያደርገው ነገር ነበረው። ጣት የምታህል ስስ መስታወት እኔ እቆርጥለታለሁ፤ እሱ ሁለቱን ጫፎቿን በጀሶ ስንጥቁ ላይ አሻግሮ ይለጥፋታል፤ ከሥሯም ቀኑን ይጽፋል። ግድግዳው ከተኛ መስታወቷ ትተኛለች፤ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ግን ትሰበራለች። ስሟን «ዘበኛ» ብሎ አውጥቶላት ነበር። እኔም የሲኒማ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ አስፈቅጄ አንዲት ዘበኛ አቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት።

ሳይውል ሳያድር ለጽሕፈት ቤትዎ አመለከትኩ። የላኩት ተቆጣጣሪ እጅግ ጨዋ ሰው ነበር፤ ፊልም በሌለበት ጠዋት መጥቶ ግድግዳውን ከመግቢያው በር ላይ ሆኖ አየውና ጫማው አቧራ ሳይነካው ተመለሰ። ከዚያ የደረሰኝን መልስ ቃል በቃል ልጥቀስልዎ፦ «ንዝረቱ በፊልሙ ውስጥ ከሚታየው የሮቦትና የአውሬ ውጊያ የመነጨ ሆኖ ስለተገኘ፣ የድምፁ መጠን በግማሽ እንዲቀነስ፤ ሕንፃው አገልግሎቱን እንዲቀጥል፤ አቤት ባዩም የተሰበረውን መስታወት በአዲስ ተክቶ ውጤቱን እንዲያሳውቅ።»

ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ውሳኔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ግድግዳ ሲሰነጠቅ ሕንፃውን የሠራው ሰው፣ የመረመረው ሰው፣ የፈረመው ሰው ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ አውሬው ግን ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል። አድራሻው ባሕር ውስጥ ባይሆን ኖሮ መጥሪያውን እኔ ራሴ አደርስለት ነበር።

ሦስተኛ፦ ስለዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር።

«የተሰበረውን መስታወት በአዲስ ተክቶ ውጤቱን እንዲያሳውቅ» የምትለዋን ሁለቴ አነበብኳት። ከኪሴ ቦርሳ ሌላ ደብዳቤ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ላይ ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ማኅተም፣ ያው የእርስዎ ፊርማ ነው። ቀኑ ብቻ ሁለት ዓመት ይለያያል፤ ያኛው የተጻፈው ለወንድሜ ነው።

ያን ጊዜ ወንድሜ ከሱቄ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ የነበረውን ባለ አራት ፎቅ መጋዘን ይለስን ነበር። በየተራ ሦስት ዘበኛ አቁሞ ሦስቱም ተሰበሩበት። አመለከተ። እርስዎም መስታወቶቹ የተሰበሩት በአያያዝ ጉድለት መሆኑን ገልጸው በአዲስ እንዲተካ አዘዙት። ወንድሜ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የሚያምን ሰው ነበር፤ ትእዛዙን በታዘዘበት ቀን ፈጸመ። መሰላሉን በትከሻው ተሸክሞ ሱቄ በር ላይ ቆመና «ስማ አንተ ልጅ፣ አንድ ዘበኛ ቁረጥልኝ» አለኝ። ቆረጥኩለት። ግድግዳው የወደቀበት መሰላሉ ላይ ሆኖ ጀሶውን ሲቀባ ነው። በእጁ ይዟት የነበረችውን መስታወት ሳትሰበር ነው ያገኟት፤ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ከዚያ ወዲህ ይንኳኳል። የሱቄ መስታወት ይንኳኳል፣ ቁም ሣጥኔ ይንኳኳል፣ እጄን ስታጠብ ከቧንቧው ጀርባ ያለው ግድግዳ ይንኳኳል፤ ሁልጊዜ ሦስቴ ነው። መጀመሪያ ላይ እየተነሣሁ በር እከፍት ነበር። አሁን «ሰማሁህ፣ ጋሼ» እላለሁና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሰው አእምሮው ተነክቷል ቢለኝ አልቀየምም። ሲኒማ ቤት የምመላለሰውም፣ እውነቱን ልንገርዎና፣ ሮቦቱና አውሬው ሲጯጯሁ ብቻ ስለማይሰማኝ ነበር። ድምፁ ከተቀነሰ ወዲህ ግን ኳኳታውን የሚሸፍንልኝ ነገር የለም፤ ከግድግዳው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ ፊልሙ ውስጥ ስላለ አንድ ስሕተት።

ውጊያው ከመጀመሩ በፊት፣ ቢጫ ቆብ ያደረገ አንድ አጭር የመንግሥት ሠራተኛ ይታያል። ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሯል። ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና በየፎቁ እያንዳንዱን በር ያንኳኳል፤ አሮጊቶችን ያወጣል፣ በአልጋ ላይ የቀረውን በጀርባው ያዝላል። የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ሕንፃው ይፈርሳል። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ብዙ ሰው በዚያ ሰዓት ሽንት ቤት ደርሶ ይመለሳል። እኔ በመጣሁ ቁጥር እዚያ ላይ አለቅሳለሁ። ሃያ ፎቅ የሚያህለውን አውሬ አምኜ ተቀብያለሁ፤ ባቡር የሚያወናጭፈውንም ሮቦት አምኛለሁ። ሕንፃው ሳይወድቅ የደረሰውን የመንግሥት ሠራተኛ ግን አእምሮዬ እሺ አላለኝም። ፊልም ሠሪዎቹ እንዲህ ያለ የማይታመን ነገር ከመጻፋቸው በፊት ጽሕፈት ቤትዎን ማማከር ነበረባቸው።

አምስተኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ቀን የለኝም።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሹን ይዞታል። ሦስት መቶ ሰባ ልጆች ይመጣሉ። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው፤ በሩ ላይ የእርስዎ የደህንነት ማረጋገጫ ተለጥፏል ብለው በጨዋ ደንብ ሸኙኝ። የወንድሜ ልጅም ከነሱ አንዷ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ክፍል ሁለትን አብረን እናያለን ብሎ ቃል የገባላት አባቷ ነበር። ትናንት ሱቅ መጥታ «አጎቴ፣ እኔ እኮ የአባዬ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ የግድግዳው ጥግ ላይ» አለችኝ፤ ፊቷ በደስታ ፈክቶ ነበር። እሷን ማስቀረት እችላለሁ፤ ታኮርፈኛለች፣ በኋላ ይለቃታል። የቀሩትን ልጆች አጎቶች ግን አላውቃቸውም።

የምችለውን እያደረግሁ መሆኔን ይወቁልኝ። ቢጫ ቆብ ፈልጌ አግኝቼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሱቄን ዘግቼ በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሜ፣ «አትግቡ፣ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው» እያልኩ የሚገባውን ሁሉ እለምናለሁ። ሰዉ ለፊልሙ ማስታወቂያ የቆምኩ መስሎታል። እየሳቀ አንገቴን አቅፎ ፎቶ ይነሣና ይገባል። ሥራ አስኪያጁም ትናንት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ እኔ ከቆምኩ ወዲህ ተመልካች መጨመሩን ነግሮ አመሰገነኝ።

እንግዲህ እኔ ማኅተም የሌለው ቆብ ብቻ ነኝ። የሚሰማው የእርስዎ ቃል ነው። ከቅዳሜ ስምንት ሰዓት በፊት መጥተው በሩ ላይ ያለውን ወረቀት በእጅዎ እንዲያነሡት፣ ካልሆነም ግድግዳውን ሦስቴ አንኳኩተው እንዲያዳምጡት፣ በሁለት እጄ እጅ ነሥቼ እለምንዎታለሁ። ቆቡን እሰጥዎታለሁ፤ ልኩ የሚስተካከል ነው።

ለማኅተምዎ ዕድሜን፣ ለጣሪያዎ ጽናትን፣ ለእንቅልፍዎም እኔ ያጣሁትን ጸጥታ ከልብ እየተመኘሁ፣

የሮቦቱ ወገን፣ የአውሬው ጠበቃ፣ የለሳኙ ታናሽ ወንድም፣
መስታወት ቆራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትእዛዝዎን አላፈረስኩም። የተሰበረውን የሚተካው አዲሱ መስታወት ተቆርጦ አልቋል፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ጀሶው ተበጥብጧል፤ የወንድሜም መሰላል ከአሥራ አንደኛው ረድፍ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የቀረው ወጥቶ የሚለጥፈው ሰው ነው፤ በዚህ ረገድ ከፈረመው ሰው የተሻለ አላገኘሁም። ስለ መሰላሉ አይስጉ፣ ከታች ሆኜ ጥርቅም አድርጌ እይዝልዎታለሁ። ወንድሜም ያን ቀን ያዝልኝ ብሎኝ ነበር፤ እጄ ላይ ያለውን ሥራ ልጨርስ አልኩት።