አሥራ ሰባት ቁጥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ትኬት የምቆርጥበት የጀልባ ማኅበራችን ኮምፒውተር፣ በኔትወርክ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ማለትም አድራሻው፣ በየጠዋቱ እየተቀየረ ከትኬት ማተሚያው ጋር አልገናኝ ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ "አባባ፣ ከነካኩት ከወንበሩ ይነሣሉ" ቢለኝም፣ ዛሬ በእጄ ቋሚ አድራሻ ሰጠሁት። መጨረሻውን 17 አደረግሁት፤ የጀልባዬ ቁጥር ነው። ትኬቱ ታተመ።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ "ኢንተርኔቴ ጠፋ!" እያለ ከክፍሉ ወጣ። ለካ 17 የእሱ ኮምፒውተር አድራሻ ኖሯል። ኮምፒውተር የምትጠግነው የልጅ ልጄ ሰላም ከፔዳ ሰፈር ተጠርታ መጣች።

"አባባ፣ አንድ ቁጥር ለሁለት አይሰጥም። አንዳችሁ ልቀቁ።"

"ለሁለት ጀልባም አይሰጥም፣ እሜቴ። ጣና ላይ አሥራ ሰባት እኔ ነኝ!"

እየሳቀች ሥራ አስኪያጁን አሥራ ስምንት አደረገችው። እሱም ነገ ከወንበሩ ሊያስነሣኝ ዝቷል። ይሞክራ! ከጀልባዬ በተረፈው ቀለም የትኬቱ ኮምፒውተር ላይ 17 ብዬ ጽፌበት ወጣሁ።