«ማን ይቀጥርሻል?» ላልከኝ

አለቃው የአክስቴ ልጅ፣

አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ቶሎ ልጻፍልህ። ቁልፌን ጎረቤታችን ጋ ትቼዋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ ጠበቅ አድርገህ ዝጋው።

ሌላ ከተማ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕ ለልምምድ ሄጃለሁ። አዎ፣ ተቀበሉኝ።

«በተማሪ ቪዛ ማን ይቀጥርሻል? አርፈሽ እንደኔ ሳህን እጠቢ» ብለኸኝ ነበር። አላረፍኩም። ኮሌጅ ሄጄ የውጭ ተማሪዎችን የምታማክረውን ሴትዮ ጠየቅኋት። «ልምምዱ የትምህርትሽ አካል ከሆነ ይቻላል፤ የሥራ ፈቃዱ ሳይወጣ ግን እንዳትጀምሪ» አለችኝ። ከዚያ በየወርክሾፑ ዞርኩ። ስንቱ «ለውጭ ተማሪ ቦታ የለንም» ብሎ መለሰኝ። የመጨረሻው ባለሙያ ግን ሞረድ ሰጥቶኝ «እስቲ የዚህን እግር ጠርዝ አለስልሺው» አለ። አለሰለስኩት። በጣቱ ዳሰስ አደረገና «መቼ ትመጫለሽ?» አለኝ።

ፈቃዱ ትናንት ወጣ። ማታ ስነግርህ ደስ ይልሃል ብዬ ነበር። አንተ «ሳምንት ሳትቆዪ ትመለሻለሽ» አልክ።

በሩን ፊትህ ላይ ወርውሬ መዝጋቴ ደግ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ነህ፤ እዚህ ከአንተ ሌላ ዘመድ የለኝም። «ፈሪ ነህ» ያልኩህን ግን አልመልሰውም።

ድስቱ ውስጥ ሾርባ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

ለሴትዮዋ ስለ አንተም ነግሬያታለሁ። ኤሌክትሪክ እየተማርክ የምትለማመድበት ቦታ ጠይቀህ አለማወቅህ ገርሟታል። ማክሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ትጠብቅሃለች። ከሄድክ ደውልልኝ። «አይቻልም» ልትለኝ ከሆነ ግን አትደውል።