ዓይንህ ያረፈበት በጢሕ

ወንድሜ ሠረቀብርሃን፣

ለማኅሌት ወደ የካ ሚካኤል ወርጃለሁ። ሽሮው ከምድጃው ዳር አለልህ፤ ድመቷ ሳትቀድምህ ብላ።

የበጢሑን ጉድ ዛሬ ጠዋት አየሁት። የሐረሩ ነጋዴ ዘሩን ሲሰጠኝ «የዱባ ዘመድ ነው፤ እንደ በትር ይረዝማል፣ ጥሬውን ይበላል» ብሎኝ ነበር። እኔም እስራኤል በበረሃ ያለቀሱለት በጢሕ በእንጦጦ ብርድ ሊያፈራልኝ ነው ብዬ ለደብሩ ሁሉ አወራሁ። ካወራሁ በኋላ ደግሞ ሰው በዓይኑ እንዳይበላብኝ ፈራሁና አበባውን በነጠላዬ ሸፈንኩት። ክታብም ጽፌ ሐረጉ ላይ አሰርኩ።

ገልጠህ ስታይ ያገኘሁህ ዕለት «ዓይነ ክፉ» ያልኩህን አንተም አትረሳውም።

ለካ ንቡንም ከልክዬው ኖሯል! ከነጠላው ሥር ያለው አበባ ሁሉ ረግፏል። አንተ በገለጥከው፣ እኔም በንዴት መልሼ መሸፈን በረሳሁት ጥግ ብቻ አንድ በጢሕ ተንጠልጥሏል። ጠማማ ነው፣ እንደ ጠባዬ። ክታቤ ግን ምንም አልሆነም፤ እንደታሰረ አለ።

በጢሑን ቆርጠህ ብላው። ለእኔ አታስተርፍ።

ነጠላውን ለብሼው ሄጃለሁ። ገና ያልፈነዱ እምቡጦች አሉ።
እባክህ ጠዋት ጠዋት እየወጣህ እያቸው።

አባይነህ