ንጹሕ ነው ወይስ ቅይጥ?

ለውድ እታለሜ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ልጃችን ከሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ቤታችን ከመጣች ባለፈው ሳምንት ሁለት ዓመት ሞላት። ለስጦታ ከእንስሳት መጠለያ ቡችላ አመጣንላት። እሷ አቅፋው የእንስሳት ሐኪም ሲመረምረው፣ መቼም የወርቅ ሠሪ ልማድ አይለቅ፣ «ንጹሕ ዘር ነው ወይስ ቅይጥ? እናት አባቱ የማይታወቅ ነገር ቤት አስገብቶ ኋላ ከመጸጸት...» ብዬ ቀባጠርኩ። ሐኪሙ ሳቀ። ልጅቷ ግን የቡችላውን ጆሮዎች በሁለት እጇ ሸፈነቻቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አባዬ፣ ቅይጥ ከሆነ ይመለሳል?» አለችኝ።

«እሱማ እንደ አመሉ ነው!» ብዬ ቀለድኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ጎበዝ ሆናልሻለች። ማንም ሳያዛት ሳህን ታጥባለች። ፍሪጅ ለመክፈት እንኳ ታስፈቅዳለች። ቡችላውንም ጥግ ይዛ፣ «አትጩህ፣ ጨዋ ሁን» እያለች ስትመክረው እሰማታለሁ። ባለቤቴ «እንዴት ያለች ልጅ ናት!» እያለች ትመርቃታለች። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ሰላምታችን ደጅሽን አልፎ ጓዳሽ ድረስ ይግባ። አደራሽን እታለሜ፣ ስትደውይ ስለ ውሻው አትጠይቂ። መጀመሪያ እሷን አስጠሪያት። «የወንድሜ ልጅ» በያት፤ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብለሽ።

ምላሱ የረዘመው ወንድምሽ