ሁለት ደቂቃ

ቺካጎ፣ ማርች 14

ውድ ልጄ ኢትዜል፣

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ሦስተኛ ቀኔ ነው። እጄ ለጽሑፍ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂያለሽ። ብትኖሪ ኖሮ ብዕሩን ነጥቀሽ "እማዬ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ልጻፍ" ትይኝ ነበር።

ማክሰኞ የትምህርት ቤታችሁ ምክር ቤት ስብሰባ ነበር። አንቺን ካጣሁ ወዲህ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶሮ የምትመስለው፣ አዙረው ሲሞሏት ደቂቃ ቆጥራ የምትጮኸው የወጥ ቤት ሰዓታችን አሁንም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ናት። ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ በቦርሳሽ ይዘሻት መጣሽ። ወላጆች ንግግር እያስረዘሙ ስብሰባው አላልቅ ሲል ርዕሰ መምህሯ "በይ እንግዲህ፣ ሰዓት ያዥ አንቺ ነሽ" አለችሽ። ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ። ዶሮዋ ስትጮኽ እጅሽን ታነሺ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ዶን ኤውሴቢዮ ስንቴ ተማረረብሽ!

"አንቺ ልጅ፣ ገና ሰላምታዬን መጨረሴ እኮ ነው!"

"ሰላምታውም ይቆጠራል፣ ዶን ኤውሴቢዮ።"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እሱም በማግሥቱ ጣፋጭ ዳቦ ይልክልሻል።

እኔ የምክር ቤት አባል ስለነበርኩ ሰዓት አይያዝብኝም። ወደ ቤት ስንመለስ "አንድ ቀን አንቺም ላይ ትጮኻለች" እያልሽ ትዝቺብኝ ነበር። አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ስብሰባ ላይ ቃል ሲጠፋብኝ ቀና ብዬ አንቺን አይ ነበር።

ማክሰኞ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው አገኘሁ። ልጁ እዚያ የማይማር ሰው የወላጅ መቀመጫ አይኖረውም፣ ደንቡ ነው። አስቀድመው ጽፈውልኝ ኖሯል፤ በዚያ ሰሞን የመጣውን ፖስታ አንዱንም አልከፈትኩም። ጸሐፊዋ ግራሲዬላ ስትነግረኝ ከእኔ ብሳ አለቀሰች።

ተመልሼ ልሄድ ነበር። ግን የዕለቱ ጉዳይ ቤተ መጻሕፍቱን ዘግቶ የፈተና ክፍል ማድረግ ነበር። ያን በሆድሽ ተኝተሽ የምታነቢበትን አረንጓዴ ምንጣፍ አንስተው ሊጥሉት ነበር። የተናጋሪ ወረቀት ወሰድኩና ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ "ወላጅ፣ ሠራተኛ፣ ጎረቤት" ይላል። ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ። ባዶውን ተውኩት።

ሰብሳቢው "ሴኞራ ኦፌሊያ፣ በእርስዎ ላይ ሰዓት አንይዝም፣ እንደፈለጉ ይናገሩ" አሉኝ።

"አይሆንም" አልኩ። "ዶሮዋን አዙሩልኝ።"

ሆስፒታል ሳለሽ የቤተ መጻሕፍቱ መምህርት በየሳምንቱ መጽሐፍ ትልክልሽ እንደነበር ተናገርኩ። የመጨረሻውን መጽሐፍ ከቦርሳዬ ሳወጣ ዶሮዋ ጮኸች። ቃሌን መሃል ላይ አቋርጬ ተቀመጥኩ። ዛቻሽ ደረሰ፣ ልጄ።

ተረኛው ዶን ኤውሴቢዮ ነበር። ሦስት ገጽ ንግግር ይዞ ተነሣ። አየኝና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ሁለት ደቂቃዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ። ኢትዜል ትስማልኝ፣ ዘንድሮስ አሳጥሬያለሁ!"

እንደገና ቆምኩ። "ይህ ስለ ዓሣ ነባሪ የተጻፈ መጽሐፍ ነው" አልኩ። "ልጄ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ናት። የመመለሻው ቀን ካለፈ አራት ወሩ ነው። ልመልሰው መጥቻለሁ፤ የምመልስበት ክፍል ተዉልኝ።"

ሌላ የምለው አልነበረኝም። መጽሐፉን ይዤ ዶሮዋ እስክትጮኽ ቆምኩ።

ድምፅ ተሰጠ፤ ስድስት ለአራት። ክፍሉ አይዘጋም።

ልወጣ ስል ግራሲዬላ ጠራችኝ። "ሴኞራ፣ ይህችን ቦታ አልሞሏትም።" ወረቀቱን ተቀብዬ ሦስቱንም ቃላት አለፍኳቸውና ከበታቻቸው "የኢትዜል እናት" ብዬ ጻፍኩ። አነበበችው፤ ሳትሰርዝ ከሌሎቹ ጋር ፋይሉ ውስጥ አስገባችው።

ዶሮዋን እዚያው ትቻታለሁ። በመጪው ወር ስብሰባ እሄዳለሁ፤ ካስረዘምኩ ትጩኽብኝ።

እናትሽ