ስም ያልተጻፈባቸው ስጦታዎች

ተስፍሽ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላን። ደህና ነኝ። አንተ የሰው ደብዳቤ ስትከፍት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ይህንን ስለነበር አስቀደምኩልህ። ልጃችን ሳሮንም ደህና ናት። ያው ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባለው ሰፈር ናት፤ እሁድ እሁድ እየመጣች ሽሮዬን ጨው በዛበት እያለች ሁለቴ ታስጨምራለች። ስንት ጊዜ ኮምፕሌይን ያደረግክበት ሊፍት ደግሞ አንተ በሄድክ በወሩ ተሠራ! በወጣሁበት ቁጥር እናደዳለሁ፣ መልሼ ደግሞ እስቃለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ፈረንጅ ገና ነው።

ያን ሁሉ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ፣ አውቶቡስ የማይወጣበት ቀን እሱ ብቻ ነበር። አንተም ከመተኛት ይልቅ በደረጃችን ያሉትን ስምንት በሮች እያንኳኳህ ስጦታ ታድል ነበር። እኔ ከኋላህ ሆኜ እቆጣለሁ። ስማችንን እንኳ በቅጡ ለማይጠሩ ሰዎች ይህ ሁሉ ምንድነው ስልህ፣ «ሰጥተን እንተዋወቃለና!» ብለህ ትወጣለህ። አንድም ቀን አብሬህ ወጥቼ አላውቅም።

ዘንድሮ በሬን ዘግቼ ልውል ነበር ያሰብኩት። ሳምንት ሲቀረው ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥንህን ከፈትኩ፤ ከታች በቀይ ወረቀት የተጠቀለሉ ስምንት ስጦታዎች ተደርድረው አገኘሁ። ጃንዋሪ ላይ፣ ሴል ሆኖ ዋጋ ሲረክስ፣ ለከርሞ እንደምትገዛ አውቃለሁ፤ ግን ሳትታመም በፊት ገዝተህ ጠቅልለህ መጨረስህን አላወቅኩም። አንዱም ላይ ስም የለም። የማን የማን እንደሆነ በልብህ ይዘኸው ሄድክ። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልዋሽህም።

ከዚያ ለሳሮን ደወልኩላት። «እማ፣ እንዳትከፍቻቸው!» አለችኝ። «ሰዎቹን ጥሪያቸውና በዕጣ ያውጡ። ፈረንጆቹ ላኪ ዲፕ የሚሉት ጨዋታ ይሆናል!»

እንዳለችው አደረግኩ። በየበሩ «ተስፋዬ ስጦታ ትቶላችኋል፤ በገና ቀን ከምሳ በኋላ ኑ» የሚል ወረቀት አስገባሁ። ግን ማንም ባይመጣስ?

መጡ። ሁሉም መጡ፣ ተስፍሽ! መቀመጫ አጥሮን ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከምድር ቤት ያለችው አሮጊት ዶሪን ሚንስ ፓይ የሚሉትን ጣፋጫቸውን ጋግራ መጣች። ላቀርብላት ሰሃን ሳነሳ፣ «አንቺ በጾም ላይ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ያንቺን እስከ እናንተ ገና ፍሪዘር ውስጥ አድርጌልሻለሁ» አለችኝ። ማን ነገራት? አንተ እንጂ!

ኮፊና ኤሌናም መጡ። መቼም ታስታውሳለህ፤ የኤሌና ልጅ ሚያ ከላይ ስትዘል፣ ኮፊ ከታች ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባል። ሁለት ዓመት ሰላም ሳይባባሉ ኖረዋል። ቤቴም ገብተው አንዱ መስኮት ጋ፣ አንዷ በር ጋ ተቀመጡ።

ዕጣው ተጀመረ። ምን ልንገርህ! ጺሙ እስከ ደረቱ የወረደው የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ የሴት የራስ ሻሽ ደረሰው። ዶሪን ደግሞ የጺም ማበጠሪያ። ሰው በሳቅ ተንከተከተ፤ «ይሄማ ያንተ ነው፣ ያ ደግሞ የሷ ነው» እያለ ይቀያየር ጀመር። ለመቀያየር ደግሞ መነጋገር ግድ ነው፤ ጎን ለጎን ኖረው ስም የማይተዋወቁ ሁሉ ስም ተጠያየቁ።

የኮፊ ተራ ደረሰ። ወረቀቱን ቀደደው። የመዝለያ ገመድ! ኤሌና ፊቷ ቀላ። በዚያው ቅጽበት ሚያ የራሷን ከፈተች፤ ትልልቅ፣ ጠጉራም የጆሮ መሸፈኛ ወጣላት። አንተ ሰውዬ! ያኔ ነው ተንኮልህ የገባኝ። ሌላውም ሁሉ ገባው፤ ግን ኮፊን ፈርቶ የሚስቅ ጠፋ።

ሚያ ተነስታ ሄደችና ያንን ጠጉራም ነገር ራሱ ላይ አደረገችለት። «አሁን ስዘል አትሰማኝም» አለችው። የኮፊ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ገመዱን ሰጣትና ወደ ኤሌና ዞሮ፣ «ግቢ ውስጥ ትዝለል፤ እኔ እቆጥርላታለሁ» አለ። ቃሉን ጠብቋል። አሁን ብርድ ካልበረታ ከሰዓት ወንበሩን አውጥቶ ይቆጥርላታል፤ ሲሳሳት የምትቆጣው እሷ ናት።

ስምንቱም ባለቤታቸውን ሲያገኙ ለእኔ የሚሆን እንዳልነበረ ታየኝ፤ ቆነጠጠኝ። የእኔን ሁልጊዜ በዋዜማው እየሮጥክ ነበር የምትገዛው፤ ቀደም ብለህ ብትገዛ ሳትነግረኝ አታድርማ። ይህንን ለኤሌና ስነግራት እጄን ያዘችኝ። ስለ እኔ ሁልጊዜ ታወራላቸው እንደነበር ነገረችኝ። ውሻ እንደምፈራ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዋና ልማር ብዬ ጀምሬ እንደተውኩ፣ ሁሉንም ያውቃሉ። «ለምን አብራህ አትመጣም ስንለው፣ ሚስቴ ዓይን አፋር ናት፣ ጊዜ ስጧት ይለን ነበር» አለችኝ።

ተስፍሽ፣ እኔ እኮ እነሱን እንደ ባዳ ሳይ፣ እነሱ ለካ ይጠብቁኝ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ምን ስጦታ ትሰጠኝ ነበር?

የኛ ገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቶቻችን ደረጃው ላይ ቆመው ጠበቁኝ፤ ወንበር የያዘ ወንበሩን፣ ድስት የያዘም ድስቱን ይዞ። ዶሮውን አቀረብኩላቸው። ዶሪን አንድ ጉርሻ ተቀብላ አፏን በእጇ እያራገበች ውኃ ለመነች፤ ወዲያው ግን ድገሚኝ አለች። ኮፊ ብርጭቆውን አንስቶ «ለሾፌሩ!» ሲል ሁሉም ተቀበለው።

አልረሳህም ብዬ ብቻ አልሸኝህም፤ እሱማ የታወቀ ነው። እስከ ዛሬ ግን ስምህን ስጠራ ድምፄ ይቆረጥ ነበር፤ ሳሮንም እንዳላለቅስ ፈርታ አንተን አታነሳም ነበር። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስምህ በሳቅ፣ ጮክ ተብሎ ይጠራል። ይህንን ቃል እገባልሃለሁ።

ያንተው፣
አልማዝ